ሩብ ዙር ካቻቢቴ፦ ጎንደር ስላገኘሁት የስፌት መኪና ጠጋኝ

ኅዳር ሲያልቅ እጄ ላይ 14 ቀሚስ ነበር። ሁሉም ለጥምቀት የታዘዘ፣ ሁሉም የፈትል፣ ግማሹ ቀብድ የተከፈለበት። ጎንደር ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ጭንቀቴ ይገባዋል፤ ከከተራ በኋላ የሚደርስ ቀሚስ ለባለቤቱ ምንም አይጠቅምም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሌላ ቦታ ለጨዋታ ይሉት ይሆናል፤ እኔ ጋ ግን ደንበኛ በሬ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የምትለው። መኪናዬ ልክ በዚያ ሳምንት ስፌት መዝለል ጀመረች።

የምሠራባት ጥቁሯ የእግር መኪና ናት። የምኖረው አዘዞ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለማታቋርጥብኝ በሞተር አልቀየርኳትም። እናቴ የሰፋችባት ናት፣ እኔም እግሬ ፔዳሉ ላይ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ችግሯ እንዲህ ነበር፦ ሜዳው ፈትል ላይ ደህና ትሄድና ጥለቱ ጋ ስትደርስ አንድ ትይዛለች፣ አንድ ትዘላለች፣ ሁለት ትይዛለች፣ ትዘላለች። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ያለ ይመስላል። ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ይከፈታል። በዚህ ዓይነት ስፌት ቀሚስ አስረክቤ ደንበኛዬ በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አጠገብ በሕዝብ መካከል ጎኗ ቢተረተር ብዬ ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ወስጃት ነበር። የማንንም ስም አልጠራም፣ ክፋት አስበው ያደረጉት ነገርም የለም። የመጀመሪያው የታቹ ክር የሚቀመጥበት የቦቢን ቤት አርጅቷል ብሎ በአዲስ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ደግሞ ካቻቢቴውን አንስቶ የሚዞረውን ሁሉ አጠበቀው፤ የላዩን ክር፣ የታቹን ክር፣ ጨርቁን ከላይ የሚይዘውን እግር የሚጫነውን ሞላ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስሞክራት መዝለሏ እንዳለ ሆኖ ጨርቁ መጨማደድ ጨመረ። ለሁለቱ ጥገና የከፈልኩት ተደምሮ ከ2,000 ብር በላይ ነው።

አሁን የምጽፍላችሁ ሦስተኛው ቤት ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ የተሰበረ የመኪና መዘውር ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ምልክቱ እሱ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የጠቆመችኝ አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋ ጓደኛዬ ናት፤ «ዕቃ አይቀይሩም፣ ያስተካክላሉ» አለችኝ። ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አልታየኝም ነበር።

የመኪናዋ ራስ ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከጠረጴዛው ፈትቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ጭኜ፣ ከፒያሳ ደግሞ ባጃጅ ይዤ አደረስኳት። ጋሼ ካቻቢቴም አላነሱ።

«ምን ሆነች?»

«ስፌት ትዘላለች ጋሼ።»

«የት ላይ?»

«ጥለቱ ላይ።»

«ጥለቱን ይዘሽዋል?»

አልያዝኩትም።

«እንግዲያውስ ነገ ይዘሽው ነይ። የምትሰፊበትን ክርም አምጪ። መርፌዋን እንዳትነቅያት፣ እንዳለች ትደር።»

እንዲያ ጥድፊያ ላይ ሆኜ «ነገ ነይ» መባል ከበደኝ፣ ተከፍቼ ነው የወጣሁት። ዛሬ ግን ለምን እንዳሉኝ ስለገባኝ ለሌላው ሰው የምነግረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ መኪና ብቻዋን አትታመምም። በአንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በአንድ ዓይነት ክር፣ በአንድ ሰው እጅ ነው የምትታመመው። ጠጋኙ በራሱ ቁራጭ ካኪና በራሱ ክር ሞክሮ «ይኸው ትሠራለች» ካለሽ እውነቱን ነው፤ እሱ ጨርቅ ላይ ትሠራለች።

በማግስቱ የመኪናዋን ራስ የእሳቸው ጠረጴዛ ላይ አሰሩትና «ቁጭ በይ፣ ስፊ» አሉኝ። እሳቸው ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ እጄን ነበር የሚያዩት። አንድ ስንዝር ያህል ጥለቱ ላይ ሰፋሁ። ጨርቁን ተቀበሉኝ፣ ወደ ብርሃን ያዙት፣ የተዘለለውን በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። ሰባት። ግድግዳው ላይ በተደገፈች ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ 7 ብለው ጻፉ።

«ጨርቁን ትጎትችዋለሽ» አሉኝ።

«አይሄድልኝማ ጋሼ።»

«እሱን ነው የምንፈልገው። ለምን አይሄድልሽም?»

የዚያን ቀን ሥራ ከዚህች ጥያቄ ነው የተጀመረው። ጨርቁን ከኋላ ስስበው መርፌዋ ትታጠፋለች፤ በዓይን የማይታይ መታጠፍ ነው። በታጠፈች ቁጥር ከታች ክሩን የሚቀበለው መንጠቆ ጫፉ ክሩን ይስተዋል። ሲስተው ስፌቱ ይዘላል። ስለዚህ የምዘልለው እኔም ነበርኩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የምጎትተው ከእግሩ ሥር ያለው የብረት ጥርስ ጨርቁን በወጉ ስለማይገፋልኝ ነበር። ጥርሱ ለምን እንደማይገፋ ያሳዩኝ ቆይተው ነው።

መጀመሪያ መርፌዋን አወጡ። ጠፍጣፋ ጎኗን ቁራጭ መስታወት ላይ አስተኝተው ከሥሯ የሚታየውን ክፍተት አሳዩኝ። ጫፏ አካባቢ ከፍ ብላ ነበር፤ ጎብጣለች። ቁጥሯ 16 ነው፣ ማሸጊያው ላይ 100 ተብሎ የሚጻፈው። ያ 100 የሚሉት ውፍረቷን ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር። 90 ያለው ዘጠኝ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህን ቁጥሮች እያየሁ ቁጥር ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ለፈትል 14 ይበቃል ብለው እሷን አሰሩና እንደገና አሰፉኝ። አምስት ተዘለለ። ሰሌዳው ላይ ከ7 ሥር 5 ተጻፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብረው ቢነኩ ኖሮ ቶሎ በጨረስን ነበር ብዬ አስቤአለሁ። ጠየቅኋቸውም። «ሁለት ከነካሁ የቱ እንዳዳነሽ አላውቅም። የቱ እንደጎዳሽም አላውቅም» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

ቀጥሎ ከጥርሱ ላይ ያለውን የብረት ሳህን ሁለቱን ብሎን ፈተው አነሱት። ከሥሩ የወጣውን ሳይ አፈርኩ። የፈትል ጨርቅ ብናኙ ብዙ ነው፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ መርፌ በወጋው ቁጥር ጥቃቅን ጥጥ ይረግፋል። ያ ጥጥ ከዘይት ጋር እየተጋገረ በጥርሶቹ መካከል እንደ በርኖስ ጠንክሮ ተደፍኗል። ጥርሱ ከሳህኑ በላይ ብቅ ማለት ያለበትን ያህል ብቅ አይልም፤ ስለዚህ ጨርቁን አይነክሰውም። በወፍራም መርፌና በጥርስ ብሩሽ ቆፍረው አወጡት። ዘይቱን አሸተቱት።

«የምግብ ነው?»

ነበር። የመኪና ዘይት ገበያ ላይ የጠፋ ጊዜ ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት አድርጌባት ነበር፣ እናቴም አንዳንዴ ታደርገው ነበር። የምግብ ዘይት ሲቆይ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያከብደዋል። በላምባ አጠቧት፣ መዘውሩን በእጅ እያዞሩ አስተፏት፣ ካደረቋት በኋላ በየቀዳዳዋ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሰጧት። መዘውሩን እንዳዞር ጋበዙኝ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ቅለቷ ተመልሷል። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጋሼ አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ።

አሁን ስሰፋ ጨርቁ ራሱ ሄደልኝ፣ እጄን ሰብስቤ ብቻ መራሁት። ሦስት ተዘለለ።

ክሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን፣ እኔም ከሁሉ የተማርኩት እዚያ ነው። የላዩ ክር በሁለት ክብ ብረቶች መካከል ያልፋል፤ ማጥበቂያውን ስናዞር የምናጠብቀው የእነሱን መያያዝ ነው። ብናኝ መካከላቸው ከገባ ግን ማጥበቂያው ምንም ቢል ብረቶቹ አይገጥሙም። ጋሼ አንድ ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ መካከላቸው አስገብተው ወዲያና ወዲህ አደረጉት፣ ጠቁሮ ወጣ። እግሩ ከፍ ብሎ ሳለ ብረቶቹ ክፍት መሆናቸውን፣ ክር መከተት ያለበት ያኔ መሆኑን፣ ጥብቀቱ መፈተሽ ያለበት ደግሞ እግሩ ወርዶ መሆኑን አሳዩኝ። እኔ እግሩን አውርጄ ነበር ክር የምከተው። ክሩ በብረቶቹ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ቀን እንደነበረ አሁን ይገባኛል፤ ያለምክንያት ስፌቱ ሲበላሽብኝና ክሩን አውጥቼ ስመልሰው ሲስተካከል ነበር።

ከዚያ ከላይ ቀይ ክር፣ ከታች ነጭ ክር አደረጉ። ይህን ዘዴ ለማንም ልብስ ሰፊ ሳልነግር አላድርም። የሁለቱ ክሮች ቋጠሮ መገናኘት ያለበት ጨርቁ መካከል፣ በሁለቱም ፊት በማይታይበት ነው። ጨርቁን ገልብጠሽ ከታች የቀይ ነጥብ ካየሽ ቀዩ ልል ነው ወይም ነጩ ጠብቆ ይስበዋል። ከላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ተቃራኒው ነው። ክሩ አንድ ቀለም ሲሆን ይህ አይታይም፤ እኔም ዓመታት ሙሉ ማጥበቂያውን በግምት ሳዞር ኖሬአለሁ። የእኔ ላይ ከላይም ከታችም ነጥብ አልነበረም፣ ግን ሁለቱም እጅግ ጠብቀው ጨርቁን ሰብስበውታል። ሚዛን አለ፤ ሚዛኑ ግን በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ማላላት ሚዛኑን ያፈርሰዋል፤ ሁለቱንም ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ ማውረድ ያስፈልጋል።

የቦቢን ቤቱን በራሱ ክር አንጠልጥለው ያዙት። ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። እጃቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉት እንኳ አልወረደም። «ይህ ታንቋል» አሉኝ። በትንሿ ካቻቢቴ የቦቢን ቤቱን ጥቃቅን ብሎን አንድ ሩብ ዙር መለሷት። ሩብ ዙር ማለት ሰዓት ላይ ከ12 ወደ ግራ እስከ 9 ያለው ነው። እንደገና አንጠለጠሉት፣ ነቀነቁት፣ ትንሽ ወርዶ ቆመ። «እንዲህ ነው። ዝም ብሎ ከወረደ ልል ነው፣ ተነቅንቆ ካልወረደ ጠባብ ነው።» ቀጥሎ የላዩን ማጥበቂያ ከ6 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 4 ተኩል እያወረዱ በየመካከሉ አሰፉኝ። ጨርቁ መጨማደዱን ተወ። ዝላዩ ግን ሁለት ላይ ቆሞ ቀረ።

ለሁለት ብሎ የሚያስረክብ ጠጋኝ ብዙ ነው። እኔም ደክሞኝ «ይበቃል ጋሼ፣ እጄን አስተካክዬ እሰፋለሁ» ብያቸዋለሁ። እሳቸው የግራውን ጎን ክዳን ከፈቱት፣ መብራታቸውን አስጠጉ፣ መዘውሩን በጣታቸው በዝግታ አዞሩት። መርፌዋ ታች ድረስ ወርዳ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስትመለስ ክሩ ከጀርባዋ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። መንጠቆው ልክ ያን ጊዜ ደርሶ በዚያች ጉብታ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ጫፉም ከመርፌዋ ዓይን ጥቂት ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። የእኔ መንጠቆ በዓይኗ ትክክል ላይ ነበር የሚያልፈው። ሜዳው ጨርቅ ላይ ጉብታው ሰፊ ስለሚሆን ይደርስለታል። ጥለቱ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ክሩን ጨምቆ ይይዘዋል፣ ጉብታው ያንሳል፣ መንጠቆው ይስተዋል። ጥለቱ ላይ ብቻ ለምን እንደምትዘል ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ያገኘሁት በዚህ ነው።

መርፌዋ የታሰረችበት ዘንግ ከቦታው ከፍ ብሎ ነበር። ብሎኗ ላልታ ይሁን ቀደም ሲል የነካት ሰው ይኑር፣ ጋሼ ማንንም አልወቀሱም። ብሎኑን አላሉ፣ ዘንጉን በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል አወረዱት፣ መልሰው አሰሩት። አሰፉኝ። ጥለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻገርኩት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት፣ በጥፍራቸው ሄዱበት፣ ለእኔም ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ 0 ተጻፈ።

የተቀየረ ዕቃ አንዲት መርፌ ብቻ ናት።

የመጨረሻው ነገር ላይ ግን ማንም አልጠየቃቸውም፣ እኔም ችግር መሆኑን አላውቅም ነበር። የነጠላ ጠርዝ ስሰፋ ሁልጊዜ ስፌቱ እንደ ውኃ ሞገድ ይሠራ ነበር፤ በካውያ እተኩሰውና ደህና ይመስላል፣ ሲታጠብ ይመለሳል። የፈትል ጠባይ ነው ብዬ ተቀብዬው ኖሬአለሁ። ጋሼ የለበስኩትን ነጠላ ጠርዝ አዩና «ይህን ያንቺ መኪና ናት የሰፋችው?» አሉኝ። እግሩን ከላይ የሚጫነውን ብሎን ሁለት ዙር አላሉት። እግሩ ሲጫን ሳሳ ያለው ጨርቅ ከሥር በጥርሱ ወደፊት ይገፋል፣ ከላይ በእግሩ ይያዛል፤ በዚህ መካከል ይለጠጣል። ተለጥጦ ሲሰፋ ነው የሚሞገደው። አንድ ቁራጭ ላይ ሞከርነው፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተኛ። ለጋቢ ግን ይህን መልሼ ማጥበቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ላላ ያለ እግር ሥር ይንሸራተታል።

ለሁሉም 350 ብር ጠየቁኝ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የቆየሁት፤ ምሳም ሽሮ አብረን በልተናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደብተር አለኝ። ማጥበቂያው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌአለሁ፣ የእግሩ ብሎን ላይም እንዲሁ። ለፈትል ቀሚስ 14 መርፌ፣ የላይ ክር 4 ተኩል፣ የስፌቱ ርዝመት 2 ተኩል ሚሊ ሜትር። ለነጠላ ጠርዝ 11 መርፌ፣ የላይ ክር 3 ተኩል፣ እግሩ ሁለት ዙር ላላ። ለጋቢ 16 መርፌ፣ እግሩ ወደ ቦታው፣ ስፌቱ 3። እነዚህ የእኔ መኪና ቁጥሮች ናቸው፤ ማንም ሰው እንዳለ ወስዶ የራሱ ላይ ቢያደርጋቸው ላይገጥሙለት ይችላሉ፣ ምክንያቱም የአንዷ 4 የሌላዋ 6 ነው። ዘዴውን ግን ውሰዱ፦ ቀይና ነጭ ክር፣ የምትሰፉበት ጨርቅ ቁራጭ፣ አንድ ለውጥ፣ መቁጠር፣ መጻፍ።

ስለቤቱ የማይመቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም፤ ብዙ ሰው ተመላልሶ በሩ ዝግ ሆኖ አግኝቶታል። በሚያከብሯቸው በዓላት ሁሉ ይዘጋሉ፣ እነሱም ጥቂት አይደሉም። መኪናን አስቀምጦ መሄድ አይወዱም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እንድትሰፊ ይፈልጋሉ፣ ሥራ ላለበት ሰው ይህ ሙሉ ቀን ማቃጠል ነው። እኔ ለደንበኞቼ ሁለት ቀን ዘግይቼ ልረበሽ ደርሻለሁ። ደረሰኝ የለም። መለዋወጫም ብዙ የላቸውም፤ ቺንጋና መርፌ ካልሆነ ሌላው ከውጭ ተፈልጎ ነው የሚመጣው። ክፍሏ ጨለማ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ያ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያለውን፣ አይነኩም። እኔ እያለሁ አንዲት ልጅ ይዛ መጥታ ነበር። ዞር ዞር አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይህን አላውቀውም። ከፍቼ ባበላሸው ዕዳሽ ይሆናል» ብለው መልሰውላታል። ልጅቷ ብዙ መንገድ መጥታ ስለነበር አዘንኩላት፤ ለእሳቸው ያለኝ እምነት ግን ከዚያ በኋላ ነው የጸናው። የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ ሰው የሚያውቁትን ሲነኩ ሐሳብ አይገባኝም።

14ቱም ቀሚሶች ደርሰዋል። የመጨረሻዋ የወጣችው በከተራ ዋዜማ ነው። ጥር 11 ቀን ጠዋት ፋሲል መዋኛ ሄጄ ከሕዝቡ መካከል የሰፋኋቸውን ሦስቱን አይቻቸዋለሁ። አንዷ ጥለቷ ላይ የነበረውን ስፌት ከኋላዋ ሆኜ ባይኔ ተከትዬ ቆጥሬዋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል።

ክረምት ላይ እንደገና ሄጃለሁ። የቆዳው ቺንጋ በእርጥበቱ ተለጥጦ መዘውሩን መሳት ጀምሮ ነበር፤ እኔ አዲስ ልገዛ ነበር ያሰብኩት። ጋሼ የቺንጋውን መያዣ ሽቦ በፒንሳ አወጡ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ጣሉ፣ መልሰው አያያዙት። «ብዙ እንዳትቆርጪ፣ በጣም ከጠበቀ መርገጡ ይከብድሻል» አሉኝ። 50 ብር። ያን ቀን ደግሞ ስለ ጠረጴዛዬ ጠየቁኝ። አንዱ እግሩ ከፍ ብሎ እንደሚነቃነቅ ነገርኳቸው፤ አንድ ቁራጭ የጫማ ቆዳ ሰጡኝ፣ ከሥሩ አደረግሁት። ማታ ስሰፋ ጎረቤቴ «መኪናሽ ምነው ዛሬ ድምጿ ጠፋ?» ብላ መጣች።

ባለፈው ወር የሄድኩት ለመጠገን አይደለም፣ ለመጠየቅ ነው። መነን የሚባለው የቀሚስ ጨርቅ ለብቻው የራሱ ጠባይ አለው፤ ከእጅ ፈትል ይልቅ ለስላሳና እኩል ስለሆነ እሳቸው የነገሩኝ 4 ተኩል ላይ በትንሹ ይሰበሰብብኝ ነበር። ቤቴ ሆኜ በቀይና በነጭ ክር እየሞከርኩ 4 ላይ አገኘሁት፣ የታቹንም ከሩብ ዙር ያነሰ አላላሁት። ቁራጩን ይዤላቸው ሄድኩ። ወደ ብርሃን ያዙት፣ ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ሄዱበት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጠመኔውን አነሱና «ስንት ነው ያልሽኝ?» አሉኝ፤ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉት።

መሄድ የምትፈልጉ፦ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይከፍታሉ፣ እሑድ ዝግ ነው። ከጥምቀት በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ወረፋ ስላለ ከዚያ ቀድማችሁ ሂዱ። የምትሰፉበትን ጨርቅና ክር ያዙ፣ መርፌዋን እንዳለች ተዉአት።